ሦስተኛው ፔዳል ለማን ይቀራል?

ቮልስዋገን ጎልፍ ጂቲአይ በ1976 ገበያ ላይ ሲወጣ ባለ4 ማርሽ ማንዋል ካምቢዮ ነበረው (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው)። የማርሽ ዘንጉ ጫፍ ላይ የጎልፍ ኳስ የምትመስል እጀታ ተገጥማለች። ያቺ ኳስ የመኪናው መታወቂያ ሆና ለአሥርት ዓመታት ዘለቀች። ጂቲአይ ሲያዩት የቤተሰብ መኪና ነው። ሰው ይጭናል፣ ዕቃ ይይዛል፣ ዋጋውም ከፖርሼ ጋር የሚነጻጸር አይደለም። ጠመዝማዛ መንገድ ሲያገኝ ግን ሌላ ፍጡር ነው።

ከ2025 ሞዴል ጀምሮ ጂቲአይ በማንዋል አይመጣም። ታላቅየው ጎልፍ አርም እንደዚያው። ሁለቱም አውቶማቲክ ብቻ ሆነዋል።

ዜናውን ስሰማ አልደነገጥኩም፤ ሲመጣ የቆየ ነገር ነው። ግን ከፋኝ። ለምን እንደከፋኝ ሳስበው ደግሞ «ማንዋል ሊጠፋ ነው» የሚለው ለቅሶ ልክ እንዳልሆነ ገባኝ። ማንዋል አይጠፋም። ሚሊዮን የሚከፍል ሰው እስካለ ድረስ የሚሠራለት አያጣም። የሚጠፋው ከተራው ነጂ እጅ ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፤ ብዙም ሲወራ አልሰማም።

ነገሩ የተጀመረው ውድድር ሜዳ ላይ ነው። በ1989 ፌራሪ 640 የተባለውን የፎርሙላ 1 መኪና ይዞ ቀረበ። ንድፉ የጆን ባርናርድ ነው። ማርሹ የሚቀየረው ከመሪው ጀርባ በተገጠሙ ሁለት ትናንሽ መቀየሪያዎች ነበር። ነጂው እጁን ከመሪው አያነሳም። ብዙዎች መኪናው የመጀመሪያውን ውድድር እንኳ እንደማይጨርስ ጠብቀው ነበር። የፌራሪ ነጂ ናይጀል ማንሴል ግን ብራዚል ላይ ገና በመጀመሪያው ቀን አሸነፈበት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሌሎቹም ቡድኖች ተከተሉ።

በ1997 ፌራሪ ያንኑ ሐሳብ ኤፍ355 ላይ አድርጎ ወደ መንገድ አወጣው። እነዚያ የመጀመሪያዎቹ ካምቢዮዎች ግን ሸካራ ነበሩ። ውስጣቸው ተራ ማንዋል ነው፤ ልዩነቱ ፍሪሲዮኑን (ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያገናኘውንና የሚለየውን፣ ማንዋል ላይ በሦስተኛው ፔዳል የሚረገጠውን) በእግር ፈንታ የዘይት ግፊት መርገጡ ነው። በተቀየረ ቁጥር መኪናው ይነጥራል፣ የተሳፋሪ ጭንቅላት ይነቀነቃል። በእግሩ የተካነ ሰው ከማሽኑ የተሻለ ለስላሳ አድርጎ ይቀይር ነበር። እናም በዚያ ዘመን ማንዋልን የሚመርጥ ሰው በቂ መከራከሪያ ነበረው።

መከራከሪያውን የወሰደው ባለሁለት ፍሪሲዮን ካምቢዮ ነው። በ2003 ለገበያ መኪና መጀመሪያ የተገጠመው ሌላ ቦታ ሳይሆን እዚያው ጎልፍ ላይ ነው፣ አር32 በተባለው። አሠራሩ ብልህ ነው። አንዱ ፍሪሲዮን 1ኛን፣ 3ኛንና 5ኛን ይይዛል። ሌላው 2ኛን፣ 4ኛንና 6ኛን። በ3ኛ እየሄዳችሁ ሳለ 4ኛ በሌላው ዘንግ ላይ ገብቶ ተራውን ይጠብቃል። ስትቀይሩ አንዱ ፍሪሲዮን ይለቃል፣ ሌላው በዚያው ቅጽበት ይይዛል። ሞተሩ ጎማውን መግፋቱን አያቋርጥም። ይህን የሰው እግር ሊያደርገው አይችልም። የቱንም ያህል ብትካኑ ፍሪሲዮን በረገጣችሁ ቁጥር መኪናው ለአፍታ ያለ ጉልበት ይንሳፈፋል።

ፖርሼ በ2008 ይህንን ካምቢዮ 911 ላይ ገጠመው፤ ፒዲኬ ይለዋል። ልዩነቱን ለማየት ፖርሼ ራሱ 992 ስለሚባለው የ911 ትውልድ ጂቲ3 ያወጣውን ቁጥር ማየት ይበቃል። ያው ሞተር፣ ያው መኪና። ከ0 ወደ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ለመድረስ ፒዲኬው 3.4 ሰከንድ ይፈጅበታል፣ ማንዋሉ 3.9። ማንዋሉ 17 ኪሎ ግራም ቀለል ብሎ እንኳ ግማሽ ሰከንድ ይቀደማል። በዚህ ዓለም ግማሽ ሰከንድ ብዙ ነው።

ስለዚህ ማንዋል ፈጣን ነው ብሎ የሚሟገት ሰው ካለ ይተወው። ያ ጉዳይ አልቋል።

ከፍጥነቱ ሌላም ምክንያት አለ፤ ከሁሉ የሚከብደኝ የቶርክ ጉዳይ ነው። ቶርክ ሞተሩ ጎማውን የሚጠመዝዝበት ኃይል ነው። የዛሬ ቱርቦ ሞተሮች ይህን ኃይል ከታች ከዝቅተኛ ዙር ጀምረው ያፈሱታል። ያንን ሁሉ ሳይንሸራተት የሚይዝ ፍሪሲዮን ጠንካራ ስፕሪንግ ይፈልጋል። ጠንካራ ስፕሪንግ ደግሞ ፔዳሉን ያከብደዋል። የካምቢዮው ጥርሶችም መወፈር አለባቸው፤ ሲወፍሩ በእጅ የሚያዘው የማርሽ ዘንግ እየከበደ፣ እየደነደነ ይሄዳል። አውቶማቲኩ ላይ ኮምፒውተሩ ማርሽ በሚቀየርበት ቅጽበት የሞተሩን ጉልበት ቀንሶ ካምቢዮውን ያድነዋል። የሰው እግር ግን አንዳንዴ ፍሪሲዮኑን ዱብ ያደርገዋል፤ መሐንዲሱም ለዚያች ቀን መዘጋጀት አለበት። ቢኤምደብሊው ኤም3ን ተመልከቱ። ጂ80 የሚባለው ትውልድ በማንዋል ሲመጣ 480 የፈረስ ጉልበትና 550 ኒውተን ሜትር ነው። 510 የፈረስ ጉልበትና 650 ኒውተን ሜትር ያለው ኮምፒቲሽን አውቶማቲክ ብቻ ነው። ማንዋሉን የመረጠ ሰው ደካማውን ሞተር አብሮ ይቀበላል።

ነዳጁም አለ። 8 ወይም 10 ማርሽ ያለው አውቶማቲክ ሞተሩን ሁልጊዜ ቆጣቢው ዙር ላይ ያቆየዋል፤ በጭስና በነዳጅ ፈተና ላይ ይህ ለአምራቹ ትልቅ ነገር ነው። መንገድ ተዘጋግቶ መኪናው ራሱ እየቆመ እየተነሳ እንዲከተል የሚያደርገው ሥርዓትም ሦስት ፔዳል ካለው መኪና ጋር አይስማማም። በዚያ ላይ እያንዳንዱ የካምቢዮ ዓይነት ለብቻው መፈተሽና መጽደቅ ይፈልጋል። ገዢው ጥቂት ሲሆን ያ ሁሉ ወጪ አያዋጣም። አሜሪካ ውስጥ በ1980 ከአዳዲስ መኪኖች አንድ ሦስተኛ ያህሉ ማንዋል ነበሩ። አሁን 1 በመቶ ገደማ ቢሆኑ ነው። ሒሳብ ሠሪውን መውቀስ አልችልም።

የአሜሪካው የስፖርት መኪና ኮርቬት በ2020 ሞተሩን ወደ መሐል አምጥቶ ሲወጣ ማንዋሉን ጣለው። ብዙ አድናቂ «ታሪኩን ከዳ» ብሎ ተቆጣ። ለነገሩ የመጀመሪያው ኮርቬት፣ የ1953ቱ፣ የመጣው ባለ2 ማርሽ አውቶማቲክ ብቻ ሆኖ ነው። ማንዋሉ የተጨመረው በ1955 ነው። ታሪክ እንደ መከራከሪያ ሲቀርብ እንዲህ ያለ ጣጣ አለው። እኔ ማንዋልን የምወደው ድሮ ስለነበረ አይደለም።

ታዲያ ለምን?

አንዲት ነገር ላሳያችሁ። ቁልቁለት ነው። 4ኛ ማርሽ ላይ ናችሁ። ከፊት ኩርባ እየመጣ ነው። ቀኝ እግር ፍሬን ይይዛል። ግራ እግር ፍሪሲዮኑን ወለሉ ድረስ ይረግጣል። እጅ ዘንጉን ከ4ኛ አውጥቶ ቀጥ አድርጎ ወደፊት፣ ወደ 3ኛ ይገፋዋል። አሁን ችግር አለ። መኪናው በዚሁ ፍጥነት በ3ኛ ሲሄድ ሞተሩ አሁን ካለበት ዙር በላይ መዞር አለበት። ፍሪሲዮኑ ዝም ብሎ ከተለቀቀ የኋላ ጎማዎቹ ሞተሩን በግድ ይጎትቱታል፣ መኪናው ይነጥራል፣ መንገዱ እርጥብ ከሆነ ደግሞ ጀርባው ሊያመልጥ ይችላል። ስለዚህ ቀኝ እግር ፍሬኑን ሳይለቅ በጎኑ ነዳጅ መስጫውን ይነካዋል። አጭር ንክኪ። ሞተሩ ያገሳል፣ ዙሩ ይወጣል፣ ፍሪሲዮኑ ይለቀቃል። በትክክል ከገጠመ ምንም አይሰማም። መኪናው ምንም እንዳልተፈጠረ ሆኖ ወደ ኩርባው ይገባል። ይህ ሁሉ ከአንድ ሰከንድ ብዙም አይበልጥም።

መዳፋችሁ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ይሰማችኋል። ዘንጉ ወደ 3ኛ ሲገባ ለቅጽበት እንቢ ይላል፣ ከዚያ ይገባል። ያቺ እንቢታ ሲንክሮናይዘሩ ናት። የብረት ቀለበት ከሾጣጣ ብረት ጋር ተፋትጎ የሁለቱን ፍጥነት እስኪያስተካክል፣ ጥርሶቹ እስኪግባቡ። በ1928 ካዲላክ ይህን እስኪያመጣ ድረስ ነጂው ፍሪሲዮን ሁለቴ እየረገጠ ፍጥነቱን ራሱ ማስማማት ነበረበት፤ ካልቻለ ጥርሶቹ ይንጫጫሉ። ዛሬም ዘንጉን ቀስ ብሎ የሚገፋ ሰው ብረቶቹ ሲግባቡ በጣቱ ያውቃል። ስክሪን ላይ የሚጻፍ ነገር አይደለም።

እኔ የምወደው ይሄንን ነው። መኪናው የኔን ውሳኔ ይጠብቃል። 3ኛ ላይ ቆይቼ ሞተሩ ሲያንጎራጉር መስማት ከፈለግኩ እቆያለሁ። ከኩርባው በፊት ልቀንስ ወይስ ከኩርባው በኋላ ልጨምር? እኔ ነኝ የማውቀው። ውሳኔዬ ጥሩ ካልሆነ መኪናው እዚያው ይነግረኛል። ባለሁለት ፍሪሲዮኑ ግን ሁልጊዜ ትክክል ነው። እኔም ባልኖር ትክክል ነው።

ሌላም ነገር አለ። ማንዋል የያዘ ሰው ስልክ ለመነካካት እጅ አይተርፈውም። አራቱም እጅና እግር ሥራ አላቸው። ሐሳቡም መንገዱ ላይ ነው። ብዙ ዘመናዊ መኪና ውስጥ ስቀመጥ ተሳፋሪ የሆንኩ ይመስለኛል። ማንዋል ውስጥ ግን አንድም ቀን እንዲህ ተሰምቶኝ አያውቅም።

መጨናነቅ ውስጥ አውቶማቲክ ይሻላል። ጉልበቱን ለሚያመው፣ አንድ እግሩ ለማይታዘዘው ሰው ደግሞ አውቶማቲክ ነጻነት ነው። ይህን የሚንቅ የማንዋል አድናቂ ሳይ ያናድደኛል። ጥያቄዬ ለሁሉም ሰው ማንዋል ይሁን አይደለም። መንዳት ደስ ስለሚለው ብቻ መኪና ለሚገዛ ሰው፣ ኪሱ ልክ የሆነ ማንዋል ይቆይለት ነው።

አሁን ወደ ሀብታሞቹ እንሂድ። በ2013 ፖርሼ አዲሱን 911 ጂቲ3 ይዞ ሲመጣ ፒዲኬ ብቻ አደረገው። በትራኩ ላይ ፈጣኑ ይሄ ስለሆነ። ደንበኞች አጉረመረሙ። በ2016 ፖርሼ 911 አር የተባለ መኪና አወጣ። ባለ4 ሊትር ሞተር፣ 500 የፈረስ ጉልበት፣ ማንዋል ብቻ፣ የተሠራውም በቁጥር 991 መኪና ብቻ። ገና ከመድረሱ ሰዎች ከፋብሪካው ዋጋ በብዙ እጥፍ ይሻሙበት ጀመር። በ2017 ማንዋሉ ወደ ጂቲ3 ተመለሰ። ከዚያም በ2023 ፖርሼ 911 ኤስ/ቲን በ1,963 መኪና ወስኖ አወጣ፤ እሱም ማንዋል ብቻ።

መልእክቱ ለሌሎቹም ደረሰ። ማክላረን ኤፍ1 የተባለውን የመንገድ መኪና የነደፈው ጎርደን መሬይ ቲ.50ን ሠራ። ባለ12 ሲሊንደር ሞተሩ በደቂቃ 12,100 ዙር ይወጣል፣ መኪናው ከአንድ ቶን በታች ነው፣ ካምቢዮው ባለ6 ማርሽ ማንዋል ነው። የተሠራው 100 ነው። ዋጋው ከታክስ በፊት 2.36 ሚሊዮን ፓውንድ። አስተን ማርቲን ቫሎር የሚባለውን ማንዋል በ110 መኪና ወሰነው። ፓጋኒ ዩቶፒያን በባለ7 ማርሽ ማንዋል ያቀርባል። ኮኒግሴግ ደግሞ ከሁሉ የረቀቀ ነገር አደረገ። ሲሲ850 ላይ ያለው ካምቢዮ ባለ9 ማርሽ አውቶማቲክ ነው፤ ነጂው ሲፈልግ ግን ዘንግና ሦስተኛ ፔዳል ይዞ እንደ ባለ6 ማርሽ ማንዋል ይሠራል።

እነዚህን መኪኖች እወዳቸዋለሁ። መሐንዲሶቹንም አከብራለሁ። ነገር ግን ምን እየሆነ እንደሆነ ተመልከቱ። ማንዋል ድሮ ርካሹ ምርጫ ነበር። አውቶማቲክ የፈለገ ነበር ተጨማሪ የሚከፍለው። አሁን ማንዋል በቁጥር ተወስኖ፣ በመዝገብ ስም ተጽፎ የሚሸጥ ጌጥ ሆኗል። ብዙዎቹ ደግሞ አይነዱም። ኪሎ ሜትር ሲጨምር ዋጋ ስለሚቀንስ ጋራዥ ውስጥ በጨርቅ ተሸፍነው ይቀመጣሉ። ማርሹን ማንም የማይቀይርለት ማንዋል ምን ያደርጋል?

ስለዚህ ማንም ስለ ማንዋል የወደፊት ዕጣ ቢጠይቀኝ ስለ ቲ.50 አላወራም። ስለ ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ነው የማወራው። ከ1989 ጀምሮ ቀላል፣ ትንሽ፣ ከኋላ ጎማ የሚገፋ፣ ማንዋል ያለው መኪና ሆኖ ቆይቷል። ጉልበቱ ብዙ አይደለም። ለዚህም ነው 2ኛና 3ኛን እስከ መጨረሻው ዙር ድረስ ደጋግሞ መጠቀም የሚቻለው። ቲ.50ን እንዲህ ልንዳ ያለ ሰው መንጃ ፈቃዱ ብዙ አይቆይም። ስለ ቶዮታ ጂአር86 እና ስለ መንታው ሱባሩ ቢአርዜድም አወራለሁ። ስለ ሆንዳ ሲቪክ ታይፕ አርም፤ የአሁኑ ትውልድ ማንዋል ብቻ ነው፣ የማርሽ እጀታውም አሉሚኒየም ነው። ፀሐይ ላይ ከቆመ መዳፍ ያቃጥላል፣ ብርድ ቀን ጣት ያደነዝዛል። ጎማ ቢያለብሱት ይቀል ነበር፤ አላለበሱትም፤ ደግ አደረጉ።

ቶዮታ ሱፕራን በ2019 በአውቶማቲክ ብቻ መልሶ፣ አድናቂው አልተወው ሲል በ2022 ማንዋል እንደሚጨምርበት ያሳወቀበትንም አነሳለሁ። ትልቅ ኩባንያ ሐሳቡን ሲቀይር ማየት ብርቅ ነው። በሌላ በኩል ጂአር ኮሮላ በማንዋል ብቻ ተጀምሮ ከ2025 ሞዴል ጀምሮ አውቶማቲክ ታክሎበታል። ይህ አይከፋኝም። ሁለቱም ጎን ለጎን ከቆዩ አውቶማቲኩ የሚያመጣው ገዢ ማንዋሉንም በሕይወት ያቆየዋል። የሚያስፈራኝ ከዚያ በኋላ ሒሳብ ሠሪው መጥቶ «ሁለቱን ለምን እንሠራለን?» ብሎ የሚጠይቅበት ቀን ነው።

ርካሹ መኪና የሚያስፈልገው ለገዢው ደስታ ብቻ አይደለም። ሰው ማንዋል የሚማረው እዚያ ላይ ስለሆነ ነው። ማንም ሰው ፍሪሲዮን አለቃቀቅን የሚሊዮኖች ዋጋ ባለው መኪና አይለማመድም። ብሪታንያ ውስጥ በአውቶማቲክ የተፈተነ ሰው ማንዋል እንዲነዳ አይፈቀድለትም። የሚሸጠው ሁሉ አውቶማቲክ ሲሆን ተማሪውም በአውቶማቲክ ይፈተናል፤ ይህ ምን ይገርማል? ጀርመን በ2021 መሐለኛ መንገድ ከፍታለች፤ ፈተናውን በአውቶማቲክ ወስዶ፣ ማንዋል ላይ ቢያንስ 10 ትምህርት ወስዶ፣ በመንጃ ትምህርት ቤቱ አጭር ፍተሻ ያለፈ ሰው ሁለቱንም መንዳት ይችላል። ብልህ ሕግ ነው። ግን ለመማሪያ የሚሆን መኪና ከገበያ ከጠፋ ሕጉ ብቻውን ምን ይሠራል?

ኤሌክትሪክ መኪናውስ? ሞተሩ ከ0 ዙር ጀምሮ ሙሉ ቶርኩን ይሰጣል፣ በደቂቃ ከ15,000 ዙር በላይ ይሄዳል። ማርሽ የሚያስፈልገው ነገር የለም፤ ብዙዎቹ ባለ1 ማርሽ ናቸው። ሆኖም ሀዩንዳይ አይኦኒክ 5 ኤን ላይ የውሸት ማርሽ ገጠመ። ባለ8 ማርሽ መኪና እንደምትነዱ ያህል ጉልበቱን ይቆርጣል፣ ድምፅ ያሰማል፣ ዙሩ ጫፍ ሲደርስ ካልቀየራችሁ ከዚያ አያልፍም። መቀየሪያዎቹ ከመሪው ጀርባ ናቸው። ብዙ ሰው በነገሩ ሲቀልድ ሰምቻለሁ፤ እኔ አልቀልድም። አንድ የኤሌክትሪክ መኪና አምራች ፍጥነቱን ሆን ብሎ ቆራርጦ ለነጂው መልሶ የሚሠራው ነገር ሲሰጠው፣ የጎደለውን በደንብ አውቋል። ቶዮታም ለኤሌክትሪክ መኪና የሚሆን ዘንግና የፍሪሲዮን ፔዳል ያለው ሥርዓት ሲሞክር ቆይቷል። ይሳካላቸው እላለሁ። የእኔ ቅሬታ አንድ ነው። በአንድ ቁልፍ የሚጠፋ ማርሽ እኔን የግድ አይፈልገኝም። የኤምኤክስ-5 ፍሪሲዮን ግን ዳገት ላይ ያለ እኔ መኪናውን አያስነሳውም።

እኛ አድናቂ ነን የምንባል ሰዎች አንድ ልማድ አለን። ማንዋልን እናወድሳለን፣ ለፋብሪካዎቹ «አትጣሉት» ብለን እንጮኻለን፣ ከዚያ ሄደን ያገለገለ እንገዛለን። አውቃለሁ፣ አዲስ መኪና ውድ ነው፤ ያገለገለ መግዛትም ነውር አይደለም። ፋብሪካው ግን ያገለገለ መኪና ሽያጭ አይቆጥርም። የሚቆጥረው ስንት ሰው አዲስ መኪና ሲያዝ ከሁለቱ ሣጥኖች ማንዋል የሚለው ላይ ምልክት እንዳደረገ ነው። የጂቲአይ ማንዋል ዕጣ በዚያ ቁጥር ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። የጂአር86 እና የፎርድ ሙስታንግ ጂቲ ዕጣ አሁንም እዚያው ላይ ነው። አቅሙ ያላችሁ፣ በዚህ ዓመት አዲስ መኪና ልታዝዙ ያሰባችሁ፣ ሁለቱም ሣጥኖች አሁንም ቅጹ ላይ አሉ። መጀመሪያ ሁለቱንም ነድታችሁ ሞክሩ። ልባችሁ ወደ ሦስት ፔዳሉ ካዘነበለ፣ ለመልሶ መሸጥ አይመችም የሚላችሁን ሻጭ አትስሙ። ማንዋሉን እዘዙ።